በብሪታንያ በጀት ሲታወጅ፣ ወለድ ሲለወጥ፣ ቢል ሲጨምር፦ የቤታችሁን ገንዘብ እንዴት ታደራጃላችሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «በዜና ስለ በጀት ሲያወሩ ሰማሁ፤ እኛን ይነካናል? ገንዘቤን ምን ላድርገው?» ሚኒስትር ሲቀየር እጠየቃለሁ። ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ወለድ ሲቀንስም እጠየቃለሁ። መልሴ ሁሌም አንድ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

በዜና የሚነገርበት ቀንና ገንዘቡ ከኪሳችሁ የሚወጣበት ቀን የተለያዩ ናቸው። በመሀላቸው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። የእናንተ ሥራ ሁለተኛውን ቀን ማወቅ ነው። ከዚያ ቀኑ ሳይደርስ መዘጋጀት።

መመሪያው በደመወዝም በግል ሥራም ለሚተዳደሩ ነው። አብዛኛው በመላ ብሪታንያ ይሠራል። የሚለይበት ቦታ ሲኖር እነግራችኋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ያለፉት 3 ወራት ፔይስሊፕ (ሁለት ሥራ ካላችሁ የሁለቱም)
- ያለፉት 3 ወራት የባንክ ስቴትመንት
- የካውንስል ታክስ ደብዳቤ፣ የመብራትና የጋዝ ቢል፣ የውኃ ቢል፣ የኢንተርኔትና የስልክ ውል
- የኪራይ ውል ወይም የሞርጌጅ ደብዳቤ
- ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ካለ የመጨረሻው ስቴትመንት
- የኢ-ቪዛችሁን ሁኔታ የሚያሳየው ገጽ
- ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ
- ማንም የማይረብሻችሁ ሁለት ሰዓት

የቀን መቁጠሪያውን ስልክ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን ኩሽና ውስጥ የተሰቀለ ወረቀት እመርጣለሁ። ባልም ሚስትም ልጆችም ያዩታል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ቪዛችሁ ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» የሚል ካለ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንዳንድ ድጎማዎች ለእናንተ አይደሉም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በየወሩ የሚሰጥ ድጎማ)፣ ቻይልድ ቤኔፊት (ለልጅ የሚሰጥ)፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የካውንስል ታክስ ቅናሽ፣ ሁሉም የተከለከሉት ውስጥ ናቸው። ሳያውቁ ማመልከት ቪዛ ሲታደስ ችግር ያመጣል። ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሰጠው የ25 በመቶ የካውንስል ታክስ ቅናሽ ግን እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እሱን ያለ ፍርሃት ጠይቁ።

1. ፖስታዎቹን ሁሉ ክፈቱ

ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ አንዲት እኅት አንድ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። አብዛኛው ማስታወቂያ ነበር። ሦስቱ ግን ከካውንስል የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የአንድ ወር ክፍያ መዘግየቱን ያስታውሳል። ሁለተኛው የዓመቱን በሙሉ ክፈይ ይላል። ሦስተኛው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤ የመጥሪያውም ወጪ ተደምሮበታል። የመጀመሪያውን በመጣ ጊዜ ከፍታው ቢሆን ኖሮ የአንድ ወር ክፍያ ብቻ ነበር።

ካውንስል ታክስ እንዲህ ነው የሚሄደው። አንድ ክፍያ ሲያልፋችሁ የማስታወሻ ደብዳቤ ይመጣል፤ ለመክፈል 7 ቀን ይሰጣችኋል። ካልከፈላችሁ በየወሩ የመክፈል መብታችሁ ይቀርና የዓመቱ ቀሪ በአንዴ ይጠየቃል። ይህ የእንግሊዝና የዌልስ አሠራር ነው።

ስለዚህ ፖስታዎቹን ሦስት ቦታ ክፈሉ። ቀን የተጻፈበት አንድ ጎን። ቀን የሌለው ግን መቀመጥ ያለበት ሌላ ጎን። ማስታወቂያው ወደ ቆሻሻ። ቀን ያለበትን ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉ።

2. ፔይስሊፓችሁን መስመር በመስመር አንብቡ

ብዙ ሰው የታችኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ ያጥፈዋል። ስህተት ካለ ግን ያለው መሀል ላይ ነው።

መጀመሪያ ታክስ ኮዱን ፈልጉ። አንድ ሥራ ላለው ሰው የተለመደው 1257ኤል ነው። በዓመት 12,570 ፓውንድ ከታክስ ነፃ ነው ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከፊቱ ኤስ፣ ዌልስ ውስጥ ሲ ይጨመራል። ከኋላው ኤም1፣ ደብልዩ1 ወይም ኤክስ ካለ ጊዜያዊ ኮድ ነው። ሥራ ስትቀይሩ የድሮው ሥራ ወረቀት ካልደረሰ ይህ ይሰጣችኋል፤ ከሚገባው በላይም ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ቢአር የሚለው ኮድ ሙሉ ገቢው 20 በመቶ ይቆረጥበታል ማለት ነው። ለሁለተኛ ሥራ ትክክል ነው፤ ብቸኛ ሥራችሁ ላይ ከተጻፈ ግን ስህተት ነው። በታክስ መሥሪያ ቤቱ በኤችኤምአርሲ የግል ኦንላይን አካውንታችሁ ገብታችሁ አስተካክሉ። በነፃ ነው።

ቀጥሎ ጭማሪን በትክክል መቁጠር ተማሩ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ12.21 ወደ 12.71 ፓውንድ ከፍ ብሏል። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል የሚሠራ ሰው በዓመት 975 ፓውንድ ተጨመረለት ማለት ነው። ደስ ይላል። አሁን እንቀንስ። ከታክስ ነፃ የሆነው 12,570 ፓውንድ ከ2021 ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። በኖቬምበር 2025 በጀት ደግሞ እስከ 2031 እንዳለ እንዲቆይ ተወሰነ። ስለዚህ ጭማሪው በሙሉ ታክስ ይቆረጥበታል፦ 20 በመቶ የገቢ ታክስ፣ 8 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ። 273 ፓውንድ ይሄዳል። የጡረታ መዋጮ ሳይቆጠር 702 ይቀራል። በወር 58 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ካላችሁ ደግሞ እጅ ላይ ከደረሰው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲም ይቀነሳል። 58ቱ ወደ 26 ይወርዳል።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም። «ደመወዜ ጨመረ» ብሎ በወር 80 ፓውንድ የመኪና ክፍያ የጀመረ ሰው ስላየሁ ነው። ጭማሪ ስትሰሙ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ሳታሰሉ አዲስ ውል አትፈርሙ።

ያገባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። አንዳችሁ ከ12,570 ፓውንድ በታች የምታገኙ፣ ሌላችሁ ደግሞ መደበኛውን 20 በመቶ የምትከፍሉ ከሆነ፣ 1,260 ፓውንድ ከታክስ ነፃ መብት ለትዳር ጓደኛ ማስተላለፍ ይቻላል። በዓመት እስከ 252 ፓውንድ ያተርፋል። እስከ 4 ዓመት ወደ ኋላም ይጠየቃል። ይህ የታክስ መብት እንጂ ድጎማ አይደለም። ቀጥታ በኤችኤምአርሲ በኩል ጠይቁ። «እናስመልስላችኋለን» የሚሉ ድርጅቶች ከገንዘቡ ይቆርጣሉ።

የሥራ ቦታ ጡረታን በተመለከተ ደግሞ፣ ገንዘብ ሲጠብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያቋርጠው እሱን ነው። ስታቋርጡት ግን አሠሪው የሚጨምረውን ቢያንስ 3 በመቶም ታጣላችሁ። ሌላ ነገር ሁሉ ሳትቀንሱ እዚህ አትድረሱ።

ታክሲ የምትነዱ፣ ምግብ የምታደርሱ፣ በግል የምትሠሩ፦ ከትርፋችሁ ሩቡን በየሳምንቱ ወደ ሌላ አካውንት አዙሩ። ያ ገንዘብ የእናንተ አይደለም፤ ጃንዋሪ 31 ይጠየቃል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ በዓመት ከ50,000 ፓውንድ በላይ የሚያስገቡ የግል ሠራተኞች ሒሳባቸውን በየሦስት ወሩ በሶፍትዌር ማሳወቅ አለባቸው። ከኤፕሪል 2027 ወደ 30,000 ይወርዳል። የሚቆጠረው ነዳጅና ኮሚሽን ሳይቀነስ የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። «እኔ ያን ያህል አላተርፍም» ብላችሁ አትዘናጉ።

3. ወጪዎቻችሁን በሚያስከትሉት ጉዳት ቅደም ተከተል ጻፉ

ከባንክ ስቴትመንቱ የ3 ወር ወጪ አውጡና ለሦስት አካፍሉ። ከዚያ ደርድሩ። ከላይ የሚሆኑት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ ካውንስል ታክስ፣ መብራትና ጋዝ፣ የፍርድ ቤት ቅጣት ናቸው። ቀጥሎ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ። ከዚያ ዕቁብ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ፣ የዕድር መዋጮ። ክሬዲት ካርድና ሌላ ዋስትና የሌለው ብድር ከዚህ በታች ይሁን።

ሰው የሚሳሳተው ደጋግሞ ለሚደውልለት ስለሚከፍል ነው። የክሬዲት ካርድ ድርጅት በቀን ሁለት ጊዜ ሊደውል ይችላል። ካውንስል አይደውልም፤ ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) ይልካል። አከራዩ ከቤት ሊያስወጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ጉዳት የሚያደርሰው ይቅደም።

4. የዓመቱን ቀኖች ግድግዳ ላይ አውጡ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ጊዜ ስጡት።

ብሪታንያ ውስጥ ዋጋ ዝም ብሎ አይጨምርም፤ ቀን አለው። ጃንዋሪ 1፣ ኤፕሪል 1፣ ጁላይ 1፣ ኦክቶበር 1 የመብራትና የጋዝ ጣሪያ ዋጋ ይለወጣል። የኃይል ተቆጣጣሪው ኦፍጄም አዲሱን ዋጋ የሚያሳውቀው ከአንድ ወር ገደማ በፊት ነው። እነዚህን አራት ቀኖች በቀይ ጻፉ። ሰሜን አየርላንድ በዚህ ጣሪያ ውስጥ የለችም።

ጃንዋሪ 31 የግል ሠራተኞች ታክስ ነው፤ ለብዙዎቹ ጁላይ 31 ሁለተኛ ክፍያ አለ። በግል ሥራ አዲስ የጀመራችሁ እስከ ኦክቶበር 5 ትመዘገባላችሁ።

ከባዱ ወር ኤፕሪል ነው። ካውንስል ታክስ፣ ውኃ፣ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔትና ስልክም በአንድ ወር ይጨምራሉ። ፋሲካም ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ነው የሚውለው። ለእናት የሚላከው፣ የበዓሉ ዶሮና ቅቤ፣ የልጆች ልብስ፣ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል። ኤፕሪልን ከፌብሩዋሪ ጀምራችሁ አዘጋጁ።

እንዴት? ካውንስል ታክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በ10 ወር ነው፤ ፌብሩዋሪና ማርች ባዶ ይሆናሉ። በእነዚህ ሁለት ወራት ያልወጣውን ገንዘብ አትብሉት። ለኤፕሪል አስቀምጡት። ወይም ለካውንስሉ «በ12 ወር ልክፈል» ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱ 1,800 ፓውንድ ከሆነ 180 የነበረው ወርኃዊ ክፍያ 150 ይሆናል። ጠቅላላው አይቀንስም፤ ወሩ ግን ይተነፍሳል።

የኢንተርኔትና የስልክ ውላችሁንም እዩ። ከጃንዋሪ 17፣ 2025 ወዲህ የተፈረመ ከሆነ በውሉ መካከል የሚመጣው ጭማሪ በፓውንድና በሳንቲም ተጽፎ መገኘት አለበት። ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ መቀጠል አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይወደዳል። ከማለቁ አንድ ወር ቀድማችሁ ደውሉና «ልቀይር ነው» በሏቸው።

በመጨረሻ የራሳችሁን ቀኖች ጨምሩ። የኪራይ ውል፣ የሞርጌጅ ቋሚ ወለድ የሚያበቃበት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ቪዛ የሚያልቅበት፣ የዕቁብ ዕጣ።

5. ዜናን በሦስት ጥያቄ አጣሩ

ዜና ሲመጣ ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። እኔን ይነካል? ከመቼ ጀምሮ? በወር ስንት?

በኖቬምበር 26፣ 2025 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ያቀረቡትን በጀት እንውሰድ። ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ከ65 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዓመት በካሽ አይሳ (ወለዱ ታክስ በማይቆረጥበት የቁጠባ አካውንት) ማስቀመጥ የሚችለው ከ20,000 ወደ 12,000 ፓውንድ ይወርዳል ተባለ። ብዙ ሰው ደነገጠ። በዓመት 12,000 ፓውንድ የምታስቀምጡ ካልሆነ ግን አይነካችሁም። በዚያው በጀት ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ የነበረው የሁለት ልጅ ገደብ ከኤፕሪል 2026 እንዲነሳ ተወሰነ። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላላቸውና ድጎማው ለሚፈቀድላቸው ይህ ትልቅ ነው። ወሬው ግን የበዛው በመጀመሪያው ላይ ነበር።

ሌላም አስቡ። የታወጀ ነገር ሊሻር ይችላል። በሴፕቴምበር 23፣ 2022 የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርተንግ ያወጁት የታክስ ቅነሳ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ተሰረዘ። የሞርጌጅ ወለድ ግን ሳይጠብቅ ወዲያው ጨመረ። ስለዚህ በታወጀ ቅናሽ ላይ ተመርኩዛችሁ አታውጡ። ወለድ የሚነካ ዜና ከሆነ ግን በዚያው ሳምንት የባንካችሁን ዋጋ እዩ።

6. ዋጋ ከመለወጡ በፊት ሜትር አንብቡ

ማርች 31፣ ጁን 30፣ ሴፕቴምበር 30፣ ዲሴምበር 31። ማታ ሜትሩን በስልክ ፎቶ አንሱና ቁጥሩን ለድርጅቱ ላኩ። ቁጥር ካልላካችሁ በግምት ይሠሩታል፤ በርካሹ ዋጋ የተጠቀማችሁት በውዱ ሊታሰብ ይችላል። ስማርት ሜትር በትክክል እየላከ ከሆነ አያስፈልግም። ፎቶ መያዙ ግን አይጎዳም።

ጣሪያው የጠቅላላ ቢላችሁ ጣሪያ አይደለም። የአንዱ ዩኒት ዋጋና የየቀኑ ቋሚ ክፍያ ጣሪያ ነው። ብዙ ከተጠቀማችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ። ዜና ላይ የሚጠሩት ቁጥር መካከለኛ ፍጆታ ላለው ቤት የተሰላ ነው።

7. ኪራይና ሞርጌጅ

እንግሊዝ ውስጥ ከግል አከራይ የምትከራዩ ከሆነ ከሜይ 1፣ 2026 ጀምሮ ሕጉ ተለውጧል። ባለቤቱ ያለ ምክንያት ውጡ ማለት አይችልም። ኪራይ የሚጨምረው በዓመት አንዴ ነው፤ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት በተወሰነው ፎርም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። «ከሚቀጥለው ወር 150 ጨምሩ» የሚል የዋትስአፕ መልእክት አይበቃም። ጭማሪው ከአካባቢው ዋጋ በላይ ከመሰላችሁ አዲሱ ኪራይ ከመጀመሩ በፊት ወደ ትሪቡናል መውሰድ ትችላላችሁ። ትሪቡናሉ ባለቤቱ ከጠየቀው በላይ አይወስንም። ስለዚህ መጠየቅ አያስፈራም።

ቤት የገዛችሁ ቋሚ ወለዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። በ2021 በ2 በመቶ ለ5 ዓመት የያዘ ሰው በ200,000 ፓውንድ የ25 ዓመት ብድር በወር 848 ገደማ ነበር የሚከፍለው። ያው ብድር በ5 በመቶ 1,169 ይሆናል። በወር 321 ፓውንድ ልዩነት። አምስት ዓመት ስለከፈላችሁ የእናንተ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ድንጋጤው ግን ያው ነው። ብዙ ባንኮች ከ6 ወር ቀድመው አዲስ ውል ያስይዛሉ። ዛሬ ያዙ፤ ወለድ ከወረደ ከመጀመሩ በፊት መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ዝም ካላችሁ ባንኩ ወደ ራሱ ተለዋዋጭ ወለድ ያስገባችኋል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ውድ ነው።

ስድስቱ ወር እስኪደርስ ልዩነቱን አሁኑኑ በየወሩ አስቀምጡ። ኑሮው ይቻል እንደሆነ ትለማመዳላችሁ፤ ገንዘቡም ይጠራቀማል።

8. መጠባበቂያና ዕቁብ

መጀመሪያ 500 ፓውንድ። ከዚያ የአንድ ወር ወጪ። ከዚያ የሦስት ወር። በአንዴ ሦስት ወር ያለ ሰው ይታክተዋል። ደመወዝ በገባ ማግሥት በስታንዲንግ ኦርደር ወደ ሌላ አካውንት ይሂድ። «የተረፈውን አስቀምጣለሁ» ያለ ሰው አስቀምጦ አላየሁም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ሆናችሁ ከሥራ ገቢ ካላችሁ ሄልፕ ቱ ሴቭ የሚባለውን ጠይቁ። በወር እስከ 50 ፓውንድ ታስቀምጣላችሁ፤ መንግሥት 50 በመቶ ይጨምራል። በ4 ዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ጉርሻ አለው። ከዚህ የተሻለ ቦታ ለትንሽ ገንዘብ አላውቅም።

አሁን ስለ ዕቁብ። ዕቁብ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ መኪናችንን የገዛንበት ነው። ግን ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ባንክ ቢወድቅ እያንዳንዱ ሰው እስከ 120,000 ፓውንድ ድረስ በሕግ ይመለስለታል። ከዲሴምበር 2025 በፊት 85,000 ነበር። ዕቁብ ይህ ዋስትና የለውም። ጸሐፊው ቢታመም ወይም ዕጣ የወጣለት ቢጠፋ የሚከፍላችሁ የለም። ስለዚህ የአባላት ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ ያለበት ደብተር ይኑር። ዕጣ የሚወጣለት ዋስ ያምጣ።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምትቀበሉ ከሆነ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ገንዘብ ሲኖራችሁ ክፍያው መቀነስ ይጀምራል፤ ከ16,000 በላይ ከሆነ ይቆማል። የዕቁብ 10,000 ፓውንድ አካውንታችሁ ውስጥ ሲገባ ይቆጠራል። አሳውቁ። ደብተሩን አሳዩ። ከመውሰዳችሁ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዥ ከሆናችሁ የሰው ገንዘብ ከደመወዛችሁ ጋር አታቀላቅሉ። የተለየ አካውንት ይኑረው። አለዚያ ባንኩም ሆነ ድጎማ ሰጪው የእናንተ ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

9. የቪዛ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ

ፖለቲካው ኪሳችንን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ቪዛ ስታድሱ የሚከፈለው የጤና ክፍያ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 776 ነው። ለጠቅላላው ዓመታት በአንዴ ይከፈላል። ለሁለት ዓመት ተኩል ቪዛ ለአንድ አዋቂ 2,587.50 ይሆናል፤ የማመልከቻው ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ይህን ለ30 ወር ብታካፍሉት በወር 86 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ነው። ዛሬ ቪዛ የተሰጣችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ።

መንግሥት በ2025 ቋሚ መኖሪያ የሚሰጥበትን ጊዜ ለብዙዎች ከ5 ወደ 10 ዓመት የማራዘም ዕቅድ አውጥቷል። አንድ ተጨማሪ እድሳት እንደሚኖር አድርጋችሁ አስቀምጡ። ካልመጣ ገንዘቡ የእናንተው ነው። በቤተሰብ መንገድ ያላችሁና በእውነት መክፈል የማትችሉ ክፍያ እንዲነሳላችሁ ማመልከት ትችሉ ይሆናል፤ ዋናውን ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ነው የሚጠየቀው። ለዚህ የኢሚግሬሽን ፈቃድ ያለው አማካሪ ጠይቁ፤ ሻይ ቤት የሚሰጥ ምክር አይበቃም።

10. ወደ አገር ቤት ስትልኩ

ቃል የምትገቡት በፓውንድ ይሁን። በጁላይ 29፣ 2024 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ቃል የገባ ሰው በየወሩ ሒሳቡ ይለወጥበታል። «በወር 100 ፓውንድ» ያለ ሰው የራሱን ወጪ ያውቃል።

የምትልኩበት ቀን ቢሎች ከወጡ በኋላ ይሁን። ስታወዳድሩ «ኮሚሽን የለም» የሚለውን አትዩ፤ 100 ፓውንድ ብልክ ስንት ብር ሆኖ እጃቸው ይደርሳል የሚለውን እዩ። ድርጅቱ በፋይናንስ ተቆጣጣሪው በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

11. ከዘገያችሁ

ቀኑ ሳያልፍ ደውሉ። ካለፈ በኋላ የደወለና ቀድሞ የደወለ አንድ ዓይነት አይስተናገዱም። ስቴፕቼንጅ፣ ናሽናል ዴትላይንና ሲቲዝንስ አድቫይስ በነፃ ያማክራሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል አለ፤ በዕዳ አማካሪ በኩል ከተመዘገባችሁ ለ60 ቀን በአብዛኛው ዕዳ ላይ ወለድና ማስገደድ ይቆማል። ዕዳው አይሰረዝም። ትንፋሽ ነው የሚሰጣችሁ።

ማስጠንቀቂያ

ኤችኤምአርሲ «ተመላሽ አለህ፣ ይህን ተጫን» የሚል ሊንክ በቴክስት አይልክም። አጥፉት።

ፈቃድ ከሌለው አበዳሪ አትበደሩ፤ ፓስፖርት ወይም የባንክ ካርድ በመያዣ የሚጠይቅ ከሆነ ከዚያ ቤት ውጡ።

አካውንታችሁን ለሌላ ሰው ገንዘብ ማስተላለፊያ አትስጡ። ወጣቶቻችንን «50 ፓውንድ እንሰጥሃለን» እያሉ ያታልሏቸዋል። ባንኩ አካውንቱን ይዘጋል፤ ሌላ ባንክ ለዓመታት ላይቀበል ይችላል። ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ዳይሬክት ዴቢት ሁሉ በወሩ 1ኛ ቀን፣ ደመወዝ በ28ኛው። በመካከሉ ገንዘቡ ይበላል፤ ኦቨርድራፍት ይከተላል። ብዙ ድርጅቶች ቀኑን ይቀይሩላችኋል። ደመወዝ በገባ ማግሥት አድርጓቸው።

ሁለት ዕቁብ በአንዴ መግባት። አንዱ ዕጣ የሌላውን መዋጮ ይበላል።

መጠባበቂያ እያለ የክሬዲት ካርድ ትንሹን ብቻ መክፈል። ካርዱ የሚያስከፍለው ወለድ ባንክ ከሚሰጣችሁ በጣም ይበልጣል። 500 ፓውንዷን አስቀሩና ሌላውን ወደ ካርዱ አዙሩ።

ባልና ሚስት ለየብቻ ማስላት። አንዱ ካውንስል ታክስ ከፈለ ብሎ ሌላው ሲተማመን ሁለቱም ሳይከፍሉ ይቀራሉ። ወረቀቱ ኩሽና ግድግዳ ላይ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፤ የከፈለ ሰው ስሙን ከጎኑ ይጻፍ።

አንዴ ሠርቶ መተው። በየወሩ ደመወዝ በገባ ማግሥት 20 ደቂቃ ውሰዱ፦ ፔይስሊፑን እዩ፣ የሚቀጥለውን ወር ቀኖች አንብቡ፣ ወደ መጠባበቂያው መግባቱን አረጋግጡ። በየኤፕሪሉ ደግሞ ከ1ኛው ደረጃ እንደገና ጀምሩ።